አባዬ ጉበቱ ላይ እጢ ተገኘበት፣ ሆዱም ውሃ ቋጠረ፤ ያስታመማችሁ እስቲ ንገሩኝ

የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ የምወጣ ነኝ፤ ዛሬ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ 61 ዓመቱ ነው፤ አናጺ ነበር፣ አሁን የብሎካችን እድር ጸሐፊ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ምግብ እምቢ አለው። ፊቱና ክንዱ እየከሳ ሆዱ ግን ሱሪ አላስቆልፍ አለ። ጨጓራ ነው ብለን በአብሽ ስናባብለው ከረምን። መስከረም ላይ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰፈሩ በአንድ አፍ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ በሰበታ በኩል ለወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ሴትዮ አሉ ተባልን። እኛ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን።

ቀኝ ጉበቱ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካንሰር እጢ አለ፤ ወደ ትልቁ የጉበት ደም ሥርም ገብቷል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኝቶበታል፣ ጉበቱም ቀድሞ ጠባሳ ሆኗል አሉን። አባዬ በሕይወቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም! ዕድሜ ልኩን ሲጠጣ የኖረው ጎረቤታችን ነው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው የሚመጣው።

ሐኪሙ «በኦፕራሲዮን አይወጣም» አለን። ከኋላችን ሰልፉ በሩ ድረስ ነበር፤ የቀረውን ሳንጠይቅ ወጣን። የቀረው ይሄ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ይቀዳለት ስንል ጎረቤት «አንዴ ከተቀዳ ይለምዳል፣ እንዳታስነኩት» ይለናል። ሌሊት ሲንቆራጠጥ ያድርና ቀን ይተኛል። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፣ እሱ ደግሞ አልገድፍም ብሏል። አጎቴ ቤቱን ሸጠን ህንድ እንውሰደው ይላል። እናቴ ምንም አትልም፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።


ሾፌሩ_ሲኖ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡41

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን መኪና ካስፈለጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።


ነርሷ_ከገላን
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 5፡15

እህቴ፣ አይዞሽ። ነርስ ነኝ፤ አባትሽን ያየሁ ሐኪም አይደለሁምና የምጽፈውን ይዘሽ ለሐኪማቸው ጥያቄ አድርጊው። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

እጢው ትልቅ ነው፣ ደም ሥር ውስጥም ገብቷል፤ እሱን አልሸፋፍንልሽም። ነገር ግን እስከማየው ድረስ እንዲህ ያለውን በሽተኛ ከቀን ቀን የሚያሠቃየው፣ ብዙውንም ጊዜ በድንገት የሚወስደው፣ እጢውና ጠባሳው የሚያስከትሉት ጣጣ ነው። ጣጣው ደግሞ አብዛኛው ሊያዝ የሚችል ነው። ሰው «እጢው አይወጣም» ሲባል ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎት እጁን ያጣጥፋል፤ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንጀት ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚያስገባ ትልቅ ደም ሥር አለ። ጉበት በጠባሳ ሲደድር፣ እጢም መግቢያው ላይ ሲቀመጥ፣ ያ ደም ማለፊያ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ከዚያ ሦስት ነገር ይሆናል። ውሃው ወደ ሆድ ይዘንባል። ደሙ አቋራጭ ሲፈልግ የጉሮሮ ታችኛው ክፍልና የጨጓራ ደም ሥሮች ላይ ይወጣና ያሳብጣቸዋል፤ እነሱ ከፈነዱ ደም ያስመልሳል። ሦስተኛው፣ ጉበት ሊያጣራው የሚገባው ከአንጀት የሚመጣ አሞኒያና ሌላው ቆሻሻ ሳይጣራ ወደ አንጎል ይሄዳል።

«ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ይተኛል» ያልሽው ለዚህ ለሦስተኛው የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጸሐፊ ናቸው አይደል? የእድሩን ደብተር አምጪና የሐምሌን ጽሕፈታቸውን ከሰሞኑ ጋር አስተያይው። ከዚያም ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ መዳፋቸውን መኪና እንደሚያስቆም ሰው ቀጥ አድርገው እንዲያቆዩ ጠይቂያቸው። እጃቸው እንደ ክንፍ ወረድ፣ መለስ እያለ ከተርገበገበ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የሆድ ውሃ ማስቀዳት አይለምድም። ውሃው ተመልሶ የሚመጣው መንስኤው ስላለ ነው፤ ሳይቀዳም ይመጣል። ሲቀዳ ትንፋሽ ይቀላል፣ ምግብ ቦታ ያገኛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምርመራ ናሙና ይወሰዳል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ከወጣ ግን በደም ሥር አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን መተካት አለበት፤ በየሊትሩ ከ6 እስከ 8 ግራም ነው የሚታሰበው። ካልተተካ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ቀድመሽ ጠይቂ፣ እዚያ ከሌለ ገዝታችሁ እንድትሄዱ ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር በትልቁ ጻፊው፦ ሆዱ ውሃ ያለበት ሰው ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከጀመረው፣ ወይም ያለ ምክንያት ከተወናበደ፣ ውሃው ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይሄ በአንቲባዮቲክ ይድናል፣ ከዘገየ ግን ይገድላል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ከዛሬ ጀምሮ የለም። ክትፎም ይብሰል።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 5፡52

ደብተሩን አመጣሁት።

የሐምሌው እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ነው። የጥቅምቱ ከመስመሩ ወጥቶ ቁልቁል ይሄዳል፣ አንዱን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ከፋይ አድርጎታል። እኛ መነጽሩ አንሶት ነው ብለን ነበር። እጁን ገና አላስዘረጋሁትም፣ ተኝቷል።


ነርሷ_ከገላን
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 5፡58

ነገ ጠዋት ውሰጃቸው። አሞኒያውን በሰገራ የሚያስወጣ፣ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ያዝዙላቸው እንደሆነ ጠይቂ። የሆድ ድርቀት ካለባቸው እሱንም ንገሪያቸው።


ባለሱቅ_ኮዬ
ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 1፡30

ባለቤቴን በዚሁ በሽታ 14 ወር አስታምሜአለሁ፣ ነፍሷን ይማር። ስለ ጨው ልንገርሽ፤ ነርሷ አላነሣችውም፣ በቤት ውስጥ ግን ጦርነቱ እሱ ነበር።

«ጨው ቀንሱ» አሉን፣ ወጥ ላይ መጨመር ተውን። ውሃው ግን እንደ ድሮው ይሞላል። አንድ ቀን ሐኪሟ ቁጭ ብላ የምትበላውን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ዳቦው ጨው አለው። ቡናዋን ደግሞ እንደ አገሯ በጨው ነው የምትጠጣው! በቀን የተፈቀደላት ከሁሉም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ 5 ግራም ገደማ ነበር፤ በቡናና በሽሮ ብቻ ጠዋት ላይ ጨርሳዋለች። ከዚያ በኋላ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጨሁላት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሎሚ አብዝተን ነው የለመደችው። እንጀራ ጨው ስለሌለበት ተገላግለናል። ፋርማሲ የሚሸጠውን «የጨው ምትክ» ሐኪም ሳትጠይቂ አትግዢ፤ ብዙው ፖታሲየም ነው፣ ከሽንት ክኒኑ ጋር ልብ ላይ ችግር ያመጣል።

ሌላው ሚዛን ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ በየቀኑ ይመዘኑና ጻፊው። ሆድ በዓይን አይለካም።


ባለፋርማሲ_ሰሚት
ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 3፡10

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ባለሱቁ ያለው ልክ ነው፣ ሚዛኑ ላይ ልጨምር። ለውሃው አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዙት የሽንት ክኒኖች ስፓይሮኖላክቶንና ፍሮሴማይድ ናቸው፤ 100 ለ40 ሚሊ ግራም በሆነ መጠን አብረው ይጀመራሉ። እግር ያላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም። «ፈጥኖ ይውጣ» ብለው ክኒኑን በራሳቸው የደረቡ ሰዎች ኩላሊታቸው ቆሞ አይቻለሁ። በየጊዜው የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይደረግ። ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም ይችላል፤ አባትሽ አፍረው ይደብቁታል፣ አንቺ ጠይቂ።

ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ ግን የሕመም ማስታገሻ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው አድቪል (አይቡፕሮፌን)፣ ሰፈር ውስጥ የሚወጋው የዳይክሎፌናክ መርፌ፣ ሁለቱም ለእሳቸው ክልክል ናቸው። ጨጓራን ያደማሉ፣ ውሃውን ያባብሳሉ፣ ኩላሊትን ይዘጋሉ። ሰው ፓራሲታሞልን «ጉበት ይጎዳል» ብሎ ይፈራና ወደነዚህ ይሮጣል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ፣ ማለት ባለ 500ው ከ4 ፍሬ ሳይበልጥ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደምራችሁ ቁጠሩ።

የእንቅልፍ ክኒን ፈጽሞ አይሆንም። ዳያዚፓምና መሰሎቹ የታመመ ጉበት ላለው ሰው አንጎሉን ያጠፉታል።

ለቫይረሱ ቴኖፎቪር ካልተጀመረላቸው ደግሞ ጠይቁ። እጢ ካለ በኋላም ቢሆን ቫይረሱን ማስታገስ የቀረውን ጉበት ያግዛል።


እማማ_ቡና
ኅዳር 4፣ ከቀኑ 7፡05

ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን የሰበታዋን ሴትዮ ባትንቁ። የእኔ እህት ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ በእሷ ቅጠል ነው የዳነችው። ሆስፒታሉም ይሁን፣ እሱም ይሁን። ሁለቱን ማድረግ ምን ይጎዳል?


ጥርጣሬ
ኅዳር 4፣ ከቀኑ 7፡20

ይጎዳል እንጂ! ያቺ ሴትዮ እኮ በጋለ ብረት ሆድ የምትተኩስ ናት። ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል በዚህ ዘመን።


ነርሷ_ከገላን
ኅዳር 4፣ ከቀኑ 8፡00

ጥርጣሬ፣ እማማን እንዲህ አትናገራቸው።

እማማ፣ እህትዎ መዳናቸው እሰየው ነው። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው በሽታ ብዙ ዓይነት ነው። ከተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ቅጠሉ በዚያ መሐል ከተጠጣ ምስጋናውን ይወስዳል። የዚህች ልጅ አባት ግን ከዚያ ጋር የሚመሳሰል የላቸውም። ለወፍ ከሚሰጡት ውስጥ እንዶድ ያለበትም አለ፤ ልብስ የምናጥብበት እንዶድ! ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። እሳቸው አንድ ቀን ውሃ አጥተው ቢውሉ ጉበታቸው አይችለውም። ቢተኮሱ ደግሞ ደማቸው ቶሎ አይረጋም፣ ምክንያቱም ደም የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው ጉበት ነው።


እማማ_ቡና
ኅዳር 4፣ ከቀኑ 8፡30

ተዪ እንግዲህ፣ ገባኝ። እንዶድ መሆኑን አላወቅሁም።


ከህንድ_የተመለሰ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡45

ቤት ከመሸጣችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። ወንድሜን ወስጄ ነበር። ደላላው አየር ማረፊያ ድረስ «ንቅለ ተከላ ይደረግለታል» ሲለን ነበር። እዚያ ደርሰን በሦስተኛው ቀን አይሆንም ተባልን፤ የተሸጠው መሬት ግን አልተመለሰም።

የጉበት ንቅለ ተከላ ለጉበት ካንሰር የሚደረግበት መስፈርት አለ፣ ከ1996 በፈረንጆቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ፣ ሚላን ይሉታል። አንድ እጢ ከሆነ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፤ እስከ ሦስት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ከ3 ያልበለጡ፤ ደም ሥር ውስጥም ያልገባ። ዛሬ አንዳንድ ቦታ ትንሽ ሰፋ አድርገው ያያሉ፣ ግን 9 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ትልቁ ደም ሥር ውስጥ የገባን ማንም አይነካውም፤ ጉበቱ ቢቀየርም ካንሰሩ ይመለሳል።

ክኒን አለ፣ ሶራፌኒብ ይባላል። ከ2020 በፈረንጆቹ ወዲህ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። እነሱ የሚሰጡት ግን በአብዛኛው ጉበቱ ገና ሥራውን ሲሠራ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ አእምሮው የሚዋዥቅ ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝንበታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የሲቲውን ሲዲና የደም ውጤቱን ለሌላ ሐኪም አሳዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እዚያ ቢሄድ በትክክል ምን ይደረግለታል?» መልሱ «ሲደርስ ይታያል» ከሆነ አትሂዱ።


ላሞቼ_ሱሉልታ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡30

ርእስ ላስቀይስ አይደለም፣ ግን ፋጉሎ ጉበት ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው? ላሞቼ የኑግ ፋጉሎ ነው የሚበሉት።


ነርሷ_ከገላን
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡50

ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ነው ነገሩ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚታለብ ወተት ላይ የተሠራና በ2016 በፈረንጆቹ የታተመ ጥናት መርዙን ወተቱ ውስጥ አግኝቶታል፣ ዋናው መንገድም ፋጉሎው ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ሲደረብ አደጋው ይበዛል። ፋጉሎውን በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ የሻገተውን ጣለው። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ለውዝም በቆሎም እንዲሁ። በተረፈ ሌላ ክር ክፈትለት ወንድሜ፣ የልጅቷን ጉዳይ አናጥፋባት።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡15

ይቅርታ ጠፋሁ። ሆስፒታል አምስት ቀን ተኝተን ዛሬ ወጣን።

እጁን ሲዘረጋ ይርገበገብ ነበር፤ ነርሷ እንዳልሽው። 6 ሊትር ተቀዳ፣ አልቡሚኑን ከውጭ ገዝተን አመጣን። ናሙናው ንጹሕ ነው ተባለ። ኢንዶስኮፒ አደረጉለት፣ በአፉ ካሜራ አስገብተው አዩት፤ የጉሮሮው ደም ሥሮች አብጠዋል፣ ሁለቱን በላስቲክ አሠሩለት፣ የደም ሥሩን ግፊት የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒንም ጀመረ። ላክቱሎስ በቀን ሦስት ጊዜ። ቴኖፎቪርም ተጀመረ።

ከተቀዳ በኋላ የሠራው የመጀመሪያ ነገር ምን መሰላችሁ? ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ራሱ አሠረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየንና «ምን ታፈጣላችሁ?» አለ።

አጎቴ ሲዲውን ለሁለተኛ ሐኪም ወስዶ ነበር፣ የህንድ ነገር ቀረ። አሁን ያልተፈታው ጾሙ ነው። ነፍስ አባቱ መጥተው «ታመሃልና ብላ» ብለውታል፤ እሱ ግን «61 ዓመት ጾሜ ዛሬ እንቁላል ልላስ?» ይላል። ደግሞ ሰው ሁሉ ፕሮቲን ይከለከል ይለናል፣ ለጭንቅላቱ።


ነርሷ_ከገላን
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡00

እልል! የጫማ ክሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው።

ፕሮቲን ይከልከል የሚለው የድሮ ትምህርት ነው፤ ተሽሯል። ጡንቻም አሞኒያን ያጣራል፤ ሰውየውን አስርበሽ ጡንቻውን ካቀለጥሽው መወናበዱ ይብሳል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ያለ ውሃው 55 ኪሎ ቢሆኑ ከ66 እስከ 82 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ መብላት አለባቸው እንጂ መቀነስ የለባቸውም።

ስለ ጾሙ ምስጢሩን ልንገርሽ፤ እሳቸውን የሚጎዳቸው የምግቡ ዓይነት አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር የእህል ፕሮቲን ነው፤ ለተወናበደ ሰው እንዲያውም ይስማማል፣ ሆድም ያለሰልሳል። ጦም መዋሉ ነው የማይሆነው። የታመመ ጉበት ስንቅ አያስቀምጥም፤ አንድ ሌሊት ያለ ምግብ ማደር ለእሳቸው ለጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን እንደ መጾም ነው። ስለዚህ ተደራደሪያቸው፦ ወተትና እንቁላሉን ይተዉት፣ ሰዓቱን ግን ይግደፉ። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፣ ሊተኙ ሲሉ ደግሞ በሶ በማር በጥብጠሽ አንድ ብርጭቆ።

ጸበል ከጠጡ በስኒ ይሁን፣ በጀሪካን አይሁን። ክኒኑንም አያቋርጡ።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡10

«በሶማ ጾም ነው» ብሎ ጠጣ። ተስማማን።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 12፡40

እንቅልፍ ሳልተኛ ነው የምጽፈው።

ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አባዬ ተነሥቶ የመጋዝ ሳጥኑን አንሥቶ «ሥራ ረፍዶብኛል» አለ። እኔን በሞተችው እህቱ ስም ጠራኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስትከለክለው ገፈተራት፤ በሕይወቱ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ከዚያ ቁጭ ባለበት አንቀላፋ፣ ብንቀሰቅሰው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይዘጋል።

907 ደወልን፣ አምቡላንሱ መጣ። 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የብሎኩ ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስረው፣ አራት ሆነው አወረዱት። አንዱ ልጅ ደረጃውን በሙሉ «አይዞት አባባ፣ ደረስን» እያለ ነበር።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «ስንት ቀን ሆነው ሽንት ቤት ከወጣ?» ብላ ነው። ሦስት። ላክቱሎሱ አልቆ «ሰኞ እንገዛለን» ብለን ነበር። ቀጥላ «ሌላ የወሰደው ነገር አለ?» አለች። የለም ልል ስል እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ሌሊት አልተኛ ቢላት ከሰፈር መድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ክኒን ገዝታ ሰጥታዋለች፤ ያለ ማዘዣ ነው የሸጡላት። እሷ እኔ እዚህ የምጽፈውን አታነብም፣ እኔም አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በታች በኩል በላክቱሎስ አጠቡት፣ ግሉኮሱን አዩ፣ ኢንፌክሽን እንደሌለ አጣሩ። አሁን ስሜን አውቋል።


ባለፋርማሲ_ሰሚት
ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጥፋቱ የሸጠው ሰው ነው። እናትሽን አቅፈሽ አስተኛት።

ላክቱሎስ የድርቀት መድኃኒት ስለሚመስል ሰው ሲሻለው ይተወዋል። መለኪያው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። ከዚያ ካነሰ ጨምሩ፣ ውሃ ሆኖ ከበዛ ቀንሱ፤ ተቅማጡም ውሃ አሳጥቶ መልሶ ያወናብዳል። አንድ ጠርሙስ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሌላው ይገዛ።


ባለሱቅ_ኮዬ
ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 2፡00

ፍሪጅ በር ላይ ወረቀት ለጥፊ፣ ለእናትሽም አንብቢላት። የእኛ ላይ የተጻፈው ይሄ ነበር፦ ደም ካስመለሳት ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካላት፣ ንግግሯ ከተምታታ፣ ሽንቷ ከጠፋ፣ ድንገት ሆዷን ቆርጧት ላብ ካጠመቃትና ከነጣች፣ ሰዓት ሳይታይ ሆስፒታል። የመጨረሻው እጢው ሲፈነዳ የሚመጣው ነው። ደም ካስመለሰ በጎኑ አስተኙት እንጂ ምንም አታጠጡት። የሾፌሩም ስልክ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።


ሾፌሩ_ሲኖ
ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 2፡15

ለምን አልደወልሽልኝም?


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ኅዳር 23፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሌሊት ነበር ወንድሜ። አፈርኩ።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁለት አዲስ ነገር አለ። አንደኛው ሕመሙ ነው። በቀኝ ጎኑ በኩል ወደ ትከሻው ይወጋዋል፣ ፓራሲታሞሉ አልበቃ አለ። ሐኪሟ የሚጠጣ ሞርፊን አንሥታ ነበር፣ አጎቴ «ሞርፊንማ የመጨረሻው ነው» ብሎ ተቆጣ። ማሳከኩም አላስተኛው አለ።

ሁለተኛው፣ ሁላችንም ተመረመርን። እናቴ ነፃ ናት፣ ድሮ ይዟት ለቋታል አሉ። እኔ ነፃ ነኝ፣ ክትባቱን ጀመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ግን ቢ አለበት። 24 ዓመቱ ነው፣ ምንም አያመውም። የምግብ ሳህኑን ከእኛ ለይቶ ቁጭ ብሏል።


ነርሷ_ከገላን
ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡20

ከወንድምሽ ልጀምር። ሳህኑን ይመልስ። ሄፓታይተስ ቢ በማዕድ፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ይለይ፤ የሚያገባትም ልጅ ትመርመርና ትከተብ። በአገራችን ይህ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ እሱ አልደረሰበትም፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም። አሁን የቫይረሱ መጠንና የጉበቱ ሁኔታ ይታይለት፤ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ያኔ ይወሰናል። አባቱ ካንሰር ስለያዛቸው ደግሞ በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ስለ መጀመር ሐኪሙን ይጠይቅ። የአባትሽ እጢ 2 ሳንቲ ሜትር ሳለ ቢታይ ኖሮ ይህን ክር አትከፍቺም ነበር። ቡና ከወደደ ይጠጣ፣ ለጉበት ወዳጅ ነው፤ አረቄና ጫት ግን ይቅርበት።

ሞርፊን የመጨረሻ አይደለም። ሕመም ሲኖር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ያውም ጉበቱ ለታመመ ሰው በትንሽ ተጀምሮ፣ በሰዓት ርቀት። ለአጎትሽ እንዲህ በይው፦ ሰው በሕመም ሲያቃስት አድሮ ዕድሜው አይረዝምም። ከሞርፊን ጋር የሚመጣው የሆድ ድርቀት ነው፣ ለአባትሽ ድርቀት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አይተሻል፤ ላክቱሎሱን በዚያው ቀን አስተካክሉ። ቤት ድረስ መጥተው ሕመም የሚያስታግሱ ባለሙያዎችም አሉ፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ይህን ይሠራል፣ እስከ ኮዬ ይመጡ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ።

ለማሳከኩ ጥፍራቸውን አሳጥሪ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ቆዳቸውን ቫዝሊን። ሙቅ ውሃ ያባብሰዋል። ካልበቃ ኮሌስታይራሚን የሚባል ዱቄት አለ፣ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ሰዓት ተለይቶ የሚወሰድ።


ጥርጣሬ
ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡45

እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ተመረመርኩ። ነፃ ነኝ። ሦስቱን መርፌ እወጋለሁ።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሞርፊኑን ከጀመረ 9 ቀን ሆነው፣ ሌሊት ይተኛል። ውሃውን ለሁለተኛ ጊዜ አስቀዳን፣ ሾፌሩ አመላለሰን፣ ገንዘብ አልቀበል አለ። አባዬ ከስቷል፤ ክንዱ የእኔን ክንድ አክሏል። ሐኪሟ ጊዜው አጭር መሆኑን ለእሱም ነገረችው፣ እሱም «አውቃለሁ፣ እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

በየጠዋቱ ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን አስጽፈዋለሁ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ። ዛሬ ስሙን አሳምሮ ጻፈ። ቀኑን ግን «ኅዳር 19» አለው። ወር ብቻ መሳት ይቆጠራል?


ነርሷ_ከገላን
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 4፡25

ትናንት ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ወጡ?


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 4፡27

አንድ።


ነርሷ_ከገላን
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 4፡28

ይቆጠራል። አሁኑኑ አንድ መጠን ላክቱሎስ ጨምሪላቸው፣ ትኩሳታቸውንም ለኪ። ቀን 8 ሰዓት ላይ እንደገና አስጽፊያቸው፤ ካልተስተካከለ ለሐኪሟ ደውዪ። እጠብቃለሁ፣ ጻፊልኝ።


የእድር_ጸሐፊው_ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ ከቀኑ 8፡15

ሁለት ጊዜ ወጣ። ትኩሳት የለውም። «ታኅሣሥ 19» ብሎ ጻፈና የጠዋቱን ራሱ በመስመር ሰረዘው።